ኧረ ሌንድ መሬት አይደለም!

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። እናቴ ቡና ላፍላልሽ ስትለኝ «ቆይ እስቲ እማ» ብያት ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ይሄን ካልተነፈስኩት እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄጄ ነበር፤ የት እንደሆነ ስሙን አልጠራም። የደብረ ማርቆስ ሰው እርስ በርሱ ዘመድ ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ ማስታወቂያ ሲለጥፉ ማመልከቴ አይቀርም። ገንዘብ የሚያበድር ቤት ነው ልበላችሁና ይብቃ። ደግሜ ልበለው፤ ገንዘብ የሚያበድር! ይቺን ያዙልኝ።

ማስታወቂያው የብድር ባለሙያ ይላል። ሥራው ምንድን ነው? ገበሬው ከማቻከል ወይ ከአነደድ ይመጣል፣ «ለማዳበሪያ ትንሽ ብር ጎደለኝ» ይላል፣ ፎርም ትሞሊለታለሽ፣ ይፈርማል፣ አለቀ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ፣ ውሉ በአማርኛ፣ ደረሰኙ በአማርኛ፣ ብድሩ ሳይመለስ ሲቀር የሚላከው ማስጠንቀቂያም በአማርኛ። ቃለ መጠይቁ ግን በእንግሊዝኛ! ለማን ነው? በሬ መግዣ ሊበደር የመጣ የጎዛምን ገበሬ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ብሎ ሲገባ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝና ዝም ልበል።

እሺ ይሁን። በእንግሊዝኛ ጠይቁኝ። ግን እኮ ጠያቂው ራሱ ይቻለው!

ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። መሐል ሰብሳቢው፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ። በግራው ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ሴትዮ። በቀኙ ስልኩን የሚነካካ ዝምተኛ ሰውዬ፤ ለሱ እመለስለታለሁ። ገና ቂጤ ወንበሩን ሳይነካ ሰብሳቢው እጁን ዘርግቶ «ባሮው ሚ ዩር ፔን» አለኝ።

ሰማችሁ አይደል? እኔም ሰማሁ። ዋጥ አድርጌ እስክሪብቶዬን ሰጠሁት። ሥራ ፈላጊ ነኛ!

ባሮው መበደር ነው፣ መዋስ ነው። ባሮው የሚያደርገው ተቀባዩ ነው። ሌንድ የሚያደርገው ሰጪው ነው። ሌንድ ሰውየውንም ዕቃውንም አስከትሎ ይሄዳል፤ «ሌንድ ሚ ዩር ፔን» ይባላል፣ ያምራል። ባሮው ግን ዕቃውን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ከማን እንደተወሰደ መናገር ከፈለግሽ «ፍሮም» ብለሽ ትጨምሪያለሽ። ስለዚህ ሰውዬው «ባሮው ሚ» ሲል ያለኝ «ተበደሪኝ» ነው። እሱን! እሱን ተበድሬ ምን ላደርገው? የት ላስቀምጠው? ወለዱንስ ማን ይችለዋል?

ይሄን ሁሉ በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ ዝም።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ተቋሙና ገበሬው ምን ግንኙነት አላቸው፣ በእንግሊዝኛ አስረጂ። ቀላል ነው ብዬ ደስ አለኝ። «ፋርመርስ ባሮው መኒ ፍሮም አስ፤ ዊ ሌንድ መኒ ቱ ፋርመርስ» አልኩ። አጭር፣ ንጹሕ፣ ሰዋስው የሞላ። ሰብሳቢው የእስክሪብቶዬን ክዳን እያኘከ ቀና አለ።

«ዌይት፣ ዌይት። ሌንድ? ዋት ሌንድ?» አለና ወደ አማርኛ ዞረ፤ «አንቺ ልጅ፣ ቢሮ ተሳስተሽ ነው መሰል። መሬት አስተዳደር ወዲያ ማዶ ነው።»

ሴትዮዋ ክትክት ብላ ሳቀች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ያሉት ላንድ ነው። እኔ ያልኩት ሌንድ ነው፤ ማበደር።»

«ማበደር ባሮው ነው።»

«ባሮው መበደር ነው።»

«ይኸው! መበደርና ማበደር ያው አንድ አይደለም?»

በስመ አብ ወወልድ። ይሄ በእንግሊዝኛ አይደለም ጎበዝ፣ በአማርኛ ነው! አበዳሪ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መበደርና ማበደር አንድ ነው የሚል ሰው አየሁ። አንድ ከሆነማ እኔም ነገ መቶ ሺህ ብር ልውሰድና ወር ሲሞላ «ያበደርኳችሁ እኔ ነኝ፣ ክፈሉኝ» ልበላቸው። ያኔ ልዩነቱ በአንድ ጊዜ ይገለጥለት ነበር፤ ከነፖሊሱ።

አላቆመም። «እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም። የዛሬ ልጆች ዲግሪ ነው እንጂ ምንም የላችሁም። ተቋሙ ለገበሬው ይባሮዋል፣ ገበሬው ከተቋሙ ይባሮዋል፣ ገባሽ?» ይባሮዋል! ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረና ጮክ ብሎ «እንግሊዝኛ፣ ደካማ ብለሽ ያዢ» አላት። የሷ አልጽፍ ብሏት ስታራግፍ እስክሪብቶውን አቀበላት። የኔን። «ደካማ» የሚለው በገዛ እስክሪብቶዬ ተጻፈ። እሱም በዚያው ቀረ፣ አልመለሱልኝም፤ ባሮው ይሁን ሌንድ እነሱ ያውቃሉ።

ሌላም አለ። ከኔ በፊት የገባውን ልጅ «እርስዎ» ሲለው በበሩ ሰምቻለሁ። ልጁ ከኔ ያንሳል! እኔ ጋ ሲደርስ አንቺ፣ አንቺ ልጅ፣ አንቺ። እኔ እርስዎ ስለው እሱ አንቺ። እሱንም ብድር መላሽ ያድርገኝ።

አሁን ወደ ዝምተኛው። ያ ሰውዬ ያውቃል። ዓይኑን አይቼዋለሁ፤ «መሬት አስተዳደር» ሲባል ከስልኩ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከንፈሩን ነከስ አደረገ፣ መልሶ ስልኩ ውስጥ ገባ። በሰብሳቢው የተናደድኩት እንዳለ ሆኖ፣ በዚህኛው ግን አረርኩ። የማያውቅ ሰው አላወቀም ይባላል። እያወቁ ሰው ሲዋረድ ስልክ መጎርጎር ምን ይባላል? «አይ ጋሼ፣ ልጅቷ ልክ ናት» ማለት ስንት ያስከፍላል?

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሁለቱን ቃል ማምታታት ያለ ነው ልትሉኝ ነው። አዎ ያለ ነው። የሚያምታታው ደግሞ ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በኛ ቋንቋ አንድ ሥር ነው፤ መነሻዋን ትቀይሪያለሽ አለቀ፤ አበደረ፣ ተበደረ። እንግሊዞቹ ጋ ግን ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቃላት ናቸው፤ ተማሪው ቀድሞ የሰማውን አንዱን ይይዝና ለሁለቱም ያውለዋል። ተማሪ ይሄን ቢያደርግ አልፈርድም። ጀርመኖች እንኳ ለሁለቱም በአንድ ግስ ይገለገላሉ አሉ፣ ማን አበደረ ማን ተበደረ የሚለው ከዓረፍተ ነገሩ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ነገሩ የመቻል አለመቻል አይደለም። ሳያውቁ ሌላውን «ደካማ» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው ነገሩ።

ለአባቴ ስነግረው ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ አዝኖልኝ ሊያጽናናኝ መስሎኝ ነበር። አባባ በልጅነቱ ዋሸራ ቅኔ ቤት ከርሟል። ግስ የሚል ቃል ሲሰማ ሌላው ይጠፋዋል። «መበደርና ማበደር አንድ ነው አለ?» አለኝ፣ እሱ ብቻ ነው የቆጠቆጠው። ከዚያ ጀመረ፤ አበደረ አድራጊ፣ ተበደረ ተደራጊ፣ ተበዳደረ ተደራራጊ፣ አበዳደረ አደራራጊ። በግእዝም ለቅሐ አበደረ፣ ተለቅሐ ተበደረ። «የቅኔ ቤት ሕፃን የማይስተውን!» አለና ከቀተለ ቀደሰ ጀምሮ ሊያወርድልኝ ሲል ነው ወደዚህ የሸሸሁት። ጎጃም እኮ ነው ያለነው! ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ ግስ ሲያወርድ ያደረ ሰው አገር ውስጥ፣ አድራጊና ተደራጊ ያልለየ ሰው ሰብሳቢ ሆኖ እኔን ይፈትናል።

እንግሊዝኛውንስ ማን አስተማረንና ነው? እስከ ስምንት በአማርኛ ተምረን ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በአንድ ሌሊት እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀን። ታላቅ ወንድሜማ የፕላዝማ ዘመን ነው፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ጥያቄ ትጠይቅና መልሱን ራሷ መልሳው ታልፋለች፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱም በዚያው ጠፋ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል አገር ተገርሞ ነበር። እኔ አልገረመኝም። ፈተናው የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ነዋ፤ ልጁ ፊዚክሱን ይወቅ አይወቅ በምን ይለያል?

ደግሞ እኮ እኛ ከእንግሊዞቹ የበለጠ ጠንቃቃ ነን በዚህ ነገር። እናቴ ለጎረቤት ልካኝ «ጨው አበድሩን በያቸው» ትለኛለች፤ ወንፊት ሲሆን ግን «አውሱን በያቸው» ነው የምትለው። ጨው ይበላል፣ የሚመለሰው ሌላ ጨው ነው፣ ስለዚህ ብድር ነው። ወንፊቱ ራሱ ተመልሶ ይመጣል፣ ስለዚህ ውሰት ነው። እንግሊዝኛው ለጨውም ለወንፊትም ያው ባሮው ነው። ጓደኞቼ ግን አማርኛውንም አታከብሩም። አንዷ፣ ራስሽን ታውቂያለሽ፣ ጥቁር ኮቴን ለምርቃት «አውሺኝ» ብለሽ ወስደሽ እስካሁን ፎቶሽ ላይ ነው የማየው። ዛሬ እሱን ለብሼ ብሄድ ኖሮ ቢያንስ እርስዎ ይሉኝ ነበር ይሆናል። ያ ኮት ውሰቱ አልቆ ስጦታ ሆኗል ማለት ነው? ንገሪኝና ተስፋ ልቁረጥ።

እየመጣሁ ባጃጅ ውስጥ ንዴቴ አላስቀምጥ ቢለኝ ቃሎቹ ከየት እንደመጡ ፈለግሁ። ሳቄ መጣ። ሌንድ የሚለው ቃል መጨረሻው ላይ ያለችው ድ ድሮ አልነበረችም አሉ፤ በኋላ ነው የተለጠፈችበት። ያቺ ድ ባትለጠፍ ኖሮ እኔ ዛሬ መሬት አስተዳደር አልላክም ነበር! ኃላፊ ጊዜው ደግሞ ሌንት ነው፤ ሌንት ብዬው ቢሆን የእንግሊዞቹ ዐቢይ ጾምም ሌንት ነውና «ሁዳዴ ገና ነው» ይለኝ ነበር። እሱን እንኳ አያውቅም፣ ይተው።

ባሮው ግን አስደነገጠኝ። የጥንቱ እንግሊዝኛ ሥሩ ዋስ፣ መያዣ ማለት ነው። በዋስ መውሰድ። የኛስ ተዋሰ? ያው ዋስ አይደል ውስጡ ያለው! እነሱ በደሴታቸው፣ እኛ እዚህ ጮቄ ሥር፣ ሳንተዋወቅ ዋስ የሌለው ሰው አይታመንም ብለን ቃል ሠርተናል። ይሄን እያነበብኩ ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ግንባሬን ብረቱ አገኘው። የመንገዱን ነገር ሌላ ቀን።

ዋስ ካነሳሁ አይቀር፣ ማስታወቂያው ግርጌ ላይ ምን ይላል መሰላችሁ? «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል።» ሥራ ለመቀጠር ዋስ! እንደ ተበዳሪ! ቋሚ ደሞዝተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ። አጎቴ አለልኝ እንዳልል ለአክስቴ ልጅ ዋስ ሆኖ ልጁ ገንዘብ አጉድሎ ጠፍቷል፤ ዋስ የሚል ቃል ሲሰማ አጎቴ ደሙ ይፈላል። ባለፈው ዓመት እንደዚሁ ሌላ ቦታ ፈተናውን አልፌ በዋስ ነው የቀረሁት፤ እሱን ጊዜ ጽፌላችሁ ነበር፣ አልደግመውም።

ውጤቱ ማክሰኞ ይለጠፋል ብለዋል። ሄጄ አያለሁ፣ ምን ይደረጋል። ስሜ ከሌለ የለም። ካለ ደግሞ ያ ሰውዬ አለቃዬ ሊሆን ነው፤ ጠዋት ጠዋት «ጉድ ሞርኒንግ ጌታዬ» እያልኩ ስባሮው ልዋል ነው። የቱ እንደሚሻል እኔ ራሴ አላወቅሁም።

ኮሜንት ላይ «አይዞሽ» ልትሉ የመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ ግን ተዉት። እንግሊዝኛዬን የምታርሙም ዛሬ ባትጀምሩኝ ይሻላችኋል። ቋሚ ደሞዝ ያለው፣ ዋስ የሚሆነኝ ሰው ካለ ግን በውስጥ መስመር።