ቬፕን በጠብታ፦ ለጀማሪዎቻችን ያልተነገራቸው ስሌት

ቬፕ የሚባለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከዓረብ አገር በሚመለሱ ሰዎች ሻንጣም ሆነ ከእጅ ወደ እጅ በሚደረግ ሽያጭ ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ ሰንብቷል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሣሪያውን ማምረትም፣ ማስመጣትም፣ ማከፋፈልም፣ መሸጥም ከልክሏል። ሕጉ ንግዱን ሊይዝ ይችላል፤ ትምህርቱ ግን በስልክ ይገባል። አሁን ወጣቶቻችን እየተማሩት ያለው «ድሪፒንግ» የተባለ የአጠቃቀም ዘዴ ሲሆን፣ አስተማሪዎቹም የእንፋሎቱን ውፍረት እያሳዩ ስለ ስሌቱ አንድም ቃል የማይናገሩ አጫጭር ቪዲዮዎች ናቸው። ዘዴው ለጀማሪ የሚሆን አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ወጣቱን ማሳመን የሚቻለውም «ነውር ነው» ከማለት ይልቅ አሠራሩን ከነዝርዝሩ በመንገር ይመስለኛል።

በተራው ቬፕ ፈሳሹ በተዘጋ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጥጡም በራሱ ጊዜ እየሳበ የሚግለውን ሽቦ ያረጥበዋል። በድሪፒንግ ማጠራቀሚያ የለም። ተጠቃሚው ክዳኑን ያነሣል፣ ራሱ በጠመዘዘው ሽቦና ራሱ በወተፈው ጥጥ ላይ ጥቂት ጠብታ ያንጠባጥባል፣ ክዳኑን ይመልሳል፣ ሦስት አራት ጊዜ ይስባል፣ ከዚያም እንደገና ያንጠባጥባል። ጣዕሙ እንደሚጎላና እንፋሎቱ እንደሚወፍር አይካድም። በአንጻሩ የሽቦው ልክ፣ የጥጡ እርጥበትና የፈሳሹ መጠን፣ ማለትም ፋብሪካው አስቦ የሠራው ጥንቃቄ ሁሉ፣ በጀማሪው ግምት ላይ ይወድቃል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ቬፕ ሞክረው ከሚያውቁ የኮነቲከት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ከአራት አንዱ ያህል ድሪፒንግንም ሞክሯል፤ አብዛኞቹ የሰጡት ምክንያት ወፍራም እንፋሎት ለማውጣት የሚል ነበር። ደሴ እንኳ ጉም ጎድሏት አታውቅም።

የመጀመሪያው ችግር ድርቀት ነው። ጥጡ ሲደርቅ ሽቦውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ስለማይኖር ሙቀቱ በቅጽበት ያሻቅባል። የቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ በቤተ ሙከራ ፈትሸው ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስ እንደሚችልና የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ ከተራ ሲጋራም ሊበልጥ እንደሚችል አሳይተዋል። ፎርማልዴሃይድ አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚያደርገው የፎርማሊን ዋና ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ለካንሰር ከሚዳርጉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ልምድ ያለው ሰው ጥጡ መድረቁን በመጀመሪያው የማረር ጣዕም ይለያል፤ ጀማሪው ግን ጉሮሮውን የሚያቃጥለውን ነገር የጥንካሬ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። በበርጫ ላይ ደግሞ ወሬው ሲደራ፣ ሰዓቱም ሲረዝም፣ ስንት ጠብታ እንደገባና ስንት ጊዜ እንደተሳበ ማን ይቆጥራል?

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ኤሌክትሪኩ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ውስጥ አንድ ጎረምሳ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሬዚስታንስ የቆረጠውን ሽቦ በቀጭን ካቻቢቴ ላይ ሲጠመጥም አይቻለሁ። እጁ የሠለጠነ ነው፤ ዙሮቹ እኩል ናቸው፣ ጫፎቹም በአግባቡ ታጥፈዋል። ሽቦው ስንት ኦም እንደሚሆን፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ምን ያህል እንደሆነ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ሲግል ያስታውቃል» አለኝ። ግድግዳው ላይ ቴስተር ተሰቅሏል፤ ነገር ግን ተራ ቴስተር እንዲህ ያለ ትንሽ መጠን ሲለካ የራሱ ገመዶች ተቃውሞ ስለሚጨመርበት ውጤቱን ማመን አይቻልም። ባትሪው ደግሞ ከላፕቶፕ የወጣ ነው። 18650 የሚባለው ይህ ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት አለው። ሽቦው 0.5 ኦም ቢሆን የሚወጣው ኤሌክትሪክ፣ ቮልቱ ለኦሙ ሲካፈል፣ 8.4 አምፔር ነው፤ 0.2 ኦም ከሆነ ግን 21 አምፔር ይደርሳል። የላፕቶፕ ባትሪ ይህን ያህል እንዲሰጥ አልተሠራም፤ መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት በሌለው መሣሪያ ላይም የሚያስቆመው ነገር የለም። ባትሪው ይግላል፣ ጋዝ ይተፋል፣ ሲብስም ይፈነዳል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ያለው አፍ ላይ ወይም ኪስ ውስጥ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎሪዳ፣ በ2019 ደግሞ በቴክሳስ፣ ፊታቸው ላይ በፈነዳ ቬፕ ሰዎች ሞተዋል።

ፈሳሹም የራሱ ጣጣ አለው። በዚህ ዘዴ የቆዩ ሰዎች የኒኮቲኑን መጠን በሚሊ ሊትር ወደ 3 ሚሊ ግራም ያወርዳሉ፤ እንፋሎቱ ብዙ ስለሆነ ከዚያ በላይ ያጥወለውላል። እኛ ዘንድ ግን ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር የሚያረጋግጥ የለም። ባለ 18 ሚሊ ግራም ፈሳሽ በ30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲያዝ 540 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይሆናል፤ ኒኮቲን በቆዳም ይገባል፣ ሕፃን ቢጠጣውም ሊገድለው ይችላል። በኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014 የአንድ ዓመት ሕፃን በዚሁ ምክንያት ሞቷል። በድሪፒንግ ጠርሙሱ ሁልጊዜ ክፍት፣ ሁልጊዜም እጅ ላይ ነው።

ሲጋራ ለማቆም ቬፕ የረዳቸው አጫሾች መኖራቸውን አልክድም፤ ለእነርሱም ቢሆን ድሪፒንግ አያስፈልግም። ደግሞም በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ቬፕ የሚጀምር ወጣት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የሚተወው ሲጋራ የለውም፤ ኒኮቲንን ገና መጀመሩ ነው።

መሣሪያውን መውረስ የፖሊስ ሥራ ነው፤ ዕውቀቱን መስጠት ግን የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ነው። የፊዚክስ መምህራን የኦምን ሕግ ሲያስተምሩ ከላይ ያለውን ስሌት ሰሌዳ ላይ ቢሠሩት ጊዜ አይወስድባቸውም። የሞባይል ጥገና ቤት ባለቤቶችም ከላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ለምን እንደሚፈልገው ሳይጠይቁ ለልጅ ባይሸጡ፣ ደንበኛ ቢቀርባቸው እንኳ፣ መልካም ነበር።