ማስተካከያ፦ ለአረጋውያን ድባቴ ስለሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና
በከባድ ድባቴ ለተያዙ አረጋውያን የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ሕክምና (ኢሲቲ፦ ለአጭር ጊዜ የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ አንጎል በመላክ የሚደረግ ሕክምና) በተመለከተ ቀደም ሲል በቀረበው መረጃ፣ ሕክምናው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይሰጥ፣ ለሌሎች ሲሰጥ ግን በሽታውን ለዘለቄታው እንደሚያድን የተገለጸው ትክክል አይደለም። ዕድሜ በራሱ ሕክምናውን አይከለክልም፤ እንዲያውም ምግብና ውኃ እስከ መተው ለደረሱ ወይም የመድኃኒትን የጎንዮሽ ጉዳት መቋቋም ላቃታቸው አረጋውያን ሐኪሞች ከሚመርጧቸው መንገዶች አንዱ ነው።

በአሜሪካ ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ፕራይድ የተባለው ጥናት፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው 240 ታካሚዎች ሕክምናውን ቬንላፋክሲን ከተባለው የድባቴ መድኃኒት ጋር አጣምሮ የሰጠ ሲሆን፣ 62 በመቶ ያህሉ ከሕመሙ ምልክቶች ተላቀዋል። ይህ ቁጥር ግን የመጀመሪያውን ዙር ውጤት እንጂ ዘላቂ ፈውስን አያሳይም፤ ድባቴው ሊያገረሽ ስለሚችል መድኃኒቱን መቀጠል፣ እንደ ታካሚው ሁኔታም ሕክምናውን አልፎ አልፎ መድገም ያስፈልጋል።

ሕክምናው የሚሰጠው በሙሉ ሰመመንና ጡንቻን በሚያፍታታ መድኃኒት በመሆኑ፣ በፊልም የሚታየው አስደንጋጭ ትዕይንት ከዛሬው አሠራር ጋር አይገናኝም። ጊዜያዊ መደናገርና የማስታወስ ችግር ግን ሊያስከትል ይችላል፤ የልብና የደም ግፊት ምርመራም አስቀድሞ ይደረጋል።