በዓሉ ሞልቷል፤ የጠፋው ማደሪያው ነው

የወሎዋ ባቲ የምትደምቀው ሰኞ ነው። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል እየነዱ የሚወጡ አሉ። ከደጋው እህል ጭነው የሚወርዱም አሉ። የከብቱና የግመሉ ተራ ለብቻው ነው፤ ዋጋ የሚቆረጠው ግመሉ ዙሪያውን ታይቶ፣ ጥርሱ ተፈትሾ፣ ብዙ ክርክር ከተካሄደ በኋላ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ግብይት ላይ ሲቀላቀሉ መስማት እዚያ ብርቅ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ገበያው ይፈታል።

እንግዳው ግን ከዚያ በፊት ሄዷል። ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ጎብኚው ጠዋት ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ለምሳ ይመለሳል። ለከተማዋ የሚተርፋት የአንድ ሻይና የአንድ ለስላሳ ሂሳብ ነው።

ይህች እኮ ስሟን ለቅኝት የሰጠች ከተማ ናት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ከምንላቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። ታዲያ እሑድ ማታ ባቲ የገባ ሰው፣ ባቲን በማሲንቆ የሚጫወትለት የት ሄዶ ይፈልግ? ከአዲስ አበባ በሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣ መንገደኛ እሑድ የሰንበቴን ገበያ አይቶ፣ ማታ ባቲ ገብቶ አድሮ፣ ሰኞ ጠዋት ከገበያው ጋር አብሮ ሊነሳ ይችላል። ሁለት ገበያ፣ አንድ ሌሊት፣ እራት፣ ቁርስ። ይህን ለማድረግ አዲስ በዓል መፍጠር አያስፈልግም።

የእኔ ክርክር ይኸው ነው። የወሎ ትንንሽ ከተሞች የሚታይ ነገር አላጡም። ያጡት እንግዳው እንዲያድር የሚያደርገውን ነገር ነው። ንጹሕ አልጋ፣ ውሃ ያለው መጸዳጃ፣ ቀድሞ የተነገረ ፕሮግራም፣ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሳ ሰው። እኛ ግን ቱሪዝም ሲባል ቀድሞ የሚታየን መድረክ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታተማል። ከዚያ ንግግር ይጀመራል። ልጃገረዶቹ ከበሯቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ የክብር እንግዳውን ይጠብቃሉ። ተራቸው ሲደርስ 10 ደቂቃ ይጫወታሉ፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የበዓሉ ባለቤቶች በገዛ በዓላቸው ተጋባዥ ሆነው ይውላሉ።

ነሐሴ 16ን ተመልከቱ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይጀመራል። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ከዚያ በየቡድናቸው በየደጁ እየዞሩ ይጫወታሉ፤ ባለቤቱን ያወድሳሉ፣ ባለቤቱም ይሸልማቸዋል። የበዓሉ ልብ ያለው ደጃፉ ላይ ነው። ማን በደንብ ሸለመ፣ ማን በሩን ዘጋ፣ የማን ልጅ ግጥም ቻለች፣ ሰፈሩ ሲያወራው ይከርማል። ይህን ወደ ስታዲየም ወስዶ ወንበር ፊት ማሳየት በዓሉን ከነሥሩ መንቀል ነው። ወጪውም ይበዛል፣ የሚታየውም ያንሳል።

ከዚህ ይልቅ እንግዳውን ደጃፉ ድረስ እንውሰደው። ቆቦ ወይም ሰቆጣ የመጣ ሰው ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ ይደር፣ ለአልጋውና ለምግቡ ይክፈል። ጠዋት ከበሮው ሲሰማ ከቤቱ ባለቤት ጎን ቆሞ ልጃገረዶቹን ይቀበል፣ እሱም ይሸልም። ገንዘቡ በቀጥታ ለእማወራዋና ለልጃገረዶቹ ይደርሳል። ፎቶ ማንሳት የሚፈልግም አስፈቅዶ ያንሳ።

«በሰው ቤት ማሳደር የማይሆን ነገር ነው» የሚል ካለ ላሊበላን ይይ። ታኅሣሥ 29 ቀን ለሚከበረው ገና ለቀናት በእግር ተጉዘው የሚመጡ ምእመናንን ነዋሪው እግራቸውን አጥቦ፣ አብልቶ ያሳድራል። ይህ ማንም ያላሠለጠነው መስተንግዶ ነው። ወሎ ውስጥ መሽቶበት በር ላይ የቆመ መንገደኛ «አብሽር፣ ግባ» የሚለው አያጣም። ለጸሎት የመጣውን እንዲህ በነፃ መቀበሉ እንዳለ ይቀጥል። ለጉብኝት የሚመጣው ግን ከፍሎ ቢያድር ማንም አይቀየምም።

የከፋይ እንግዳውም ነገር ተሞክሯል፤ እዚሁ ወሎ ውስጥ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በመቄት ወረዳ በገበሬዎች የሚመራ የእንግዳ ማረፊያ ተጀመረ። ገደሉ ጫፍ ላይ በአካባቢው ድንጋይና ሣር የተሠሩ ጎጆዎች ናቸው። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ ሻንጣውን አህያ ይጭንለታል፣ የአካባቢው ልጅ ይመራዋል፣ የመንደሩ ሰው ምግብ ይሠራለታል። ሲመሽ ፀሐይዋ ከገደሉ ማዶ ስትጠልቅ ያያል፤ ጭላዳዎቹም እዚያው ናቸው። ከክፍያው ድርሻው ለማኅበረሰቡ ነው። ባለ ኮከብ ሆቴል ይህን ሊሸጥ አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር በእጃችን እያለ ከሌላ አገር ሞዴል ፍለጋ መድከም ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

የሃይማኖት በዓላቱን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣው ሕዝብ ሊሳለም እንጂ ሊጎበኝ አይደለም። አልቡኮ ወረዳ ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሚተመውም እንደዚያው። ሶላዋቱንና መንዙማውን የመዝናኛ ፕሮግራም ማድረግ ነውር ነው። ነገር ግን ተሳላሚም ሆነ ሐድራ (የዱዓና የመንዙማ ጉባኤ) የሚቀመጥ ሰው ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ መጸዳጃ ይፈልጋል። ከመስቀል እስከ ግሸን መካከል ያሉት ቀናት አራት ብቻ ናቸው። በነዚያ ቀናት አውቶቡሶች ከየአቅጣጫው ወደ ደሴ ይጎርፋሉ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ከተማ አለች፤ ከዘመናት በፊት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለባት፤ ዓሣዋም የተመሰከረለት። ከግሸን ሲመለሱ አንድ ቀን እዚያ ማረፍ ለስንቱ ምእመን ደስታ ነበር። ማን ነገረው? አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ ያልፋል። እናቶች መንገድ ዳር የሚያርፉበት ጥላ እንኳ አያገኙም። ጥላና ንጹሕ መጸዳጃ መሥራት ከመድረክ ንግግር በላይ ሃይማኖቱን ማክበር ነው።

ስፖርቱ ደግሞ ገና ያልተነካ ነው። ወልድያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም አላት። ብዙ የክልል ከተማ የሚመኘው ነው። እኔ ግን ልቤ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ በኩል ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ መንገድ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ሾፌር የሚፈራውን ይህን ጠመዝማዛ የብስክሌትና የሩጫ ሰው ይጓጓለታል። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር መንገድ ዘግቶ በሕዝብ መሙላት ይቻላል ብሎ ያመነ ብዙ አልነበረም። ዛሬ ሰው ለዚያ ቀን ብሎ ከውጭ አገር ይመጣል። የሐረጎ ሽቅብ ውድድር በየዓመቱ በአንድ በተወሰነ እሑድ ቢካሄድ ሁለቱ ከተሞች ቅዳሜ ማታ አልጋ አይተርፋቸውም።

ፈረሱም አለ። ጎጃም ያሉት አዊዎች ጥር 23ን የፈረስ ቀን አድርገው ይዘውታል። የፈረሰኞች ማኅበራቸው ከተመሠረተ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እንጅባራ በዚያ ቀን በፈረሰኛ ትጥለቀለቃለች። ቀኑ አይቀየርም፣ ሰውም ከዓመት በፊት ያውቀዋል። የወሎ ፈረሰኛ በታሪክ ስሙ የገነነ ነው። ወረኢሉን በመሰለ ደጋ ከተማ አንድ ቋሚ የጉግስ ቀን ቢቆረጥ ፈረሱም ኮርቻውም ከገጠሩ አይጠፋም። ቀን መቁረጥ ደግሞ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ባለሥልጣን ሊገኝ አልቻለም ተብሎ አለመሸጋገርን ነው።

ሰላሙስ? ይህን የማይጠይቅ አንባቢ የለም፤ መጠየቅም አለበት። የላሊበላ አስጎብኚ በኮሮና ጊዜ ሥራ ፈታ፣ ጦርነት ተከተለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም ግጭቱ አለ። በ2014 ዓ.ም. የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። መንገዱ አስተማማኝ ሳይሆን ሰውን «ና ጎብኝ» ማለት ግፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲተላለፍ ስሰማ እናደዳለሁ። ዝግጅቱ ግን መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ የለበትም። የመጀመሪያው እንግዳም ፈረንጅ መሆን የለበትም። ከጎረቤት ከተማ የሚመጣው፣ አዲስ አበባ የሚኖረው ወሎዬ፣ ልጆቹን አገሩን ሊያሳይ የሚፈልገው ዲያስፖራ ከማንም በፊት ይመጣል። እሱ ቋንቋውን ያውቃል፣ ቀሪቦውን ጠጥቶ ያመሰግናል፣ ሲጎድል ደግሞ ፊት ለፊት ይናገራል።

ስለዚህ ለአንዲት ከተማ፣ ለቆቦ እንበል፣ ቀጥታ ሐሳብ ላቅርብ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ለነሐሴ 16 እንግዳ ለማሳደር ፈቃደኛ የሆኑ 20 ቤቶች ይመዝገቡ። ጤና ባለሙያ ገብቶ ውሃቸውንና መጸዳጃቸውን ይይ። የአንድ ሌሊት ዋጋ ተቆርጦ ከነስልክ ቁጥሩ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይውጣ፤ በበዓሉ ዋዜማ እጥፍ የሚያደርግ ከዝርዝሩ ይሰረዝ። ለድንኳኑ የታሰበው ገንዘብ ለውሃ ታንከርና ለመጸዳጃ ይዋል። እንግዳው ሲወጣ ማን ቤት እንዳደረ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ምን እንዳማረረ በደብተር ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴው ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚነበበው ያ ደብተር ይሁን።