«ሁሉን እችላለሁ» ስንል ምን መቻላችን ነው?

ጠዋት ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እወርዳለሁ። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ሲጋርደው ጎልቶ የሚነበበው ሾፌሩ ከፊት መስታወቱ ላይ የለጠፈው ጽሑፍ ብቻ ነው፦ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ።» ፊልጵስዩስ 4፥13። ይኸው ጥቅስ ፒያሳ በሚመላለሱ ባጃጆች ጀርባ፣ በሱቅ በር፣ በተመራቂ ፎቶ ሥር አለ። ትርጉሙንም ሁላችንም አንድ ዓይነት አድርገን ነው የያዝነው። ቪዛው ይመጣል፣ ጨረታው ይገኛል፣ ቤቱ ያልቃል።

እኔም እንደዚያው ይዤው ነበር የኖርኩት። ቀን ኮምቦልቻ የሰው ሒሳብ እሠራለሁ፤ ማታ ደሴ ተመልሼ የሌላ ሰው ሒሳብ እሠራለሁ። ሁለት ዕቁብ አለብኝ። ቤቴ ሳያልቅ ለሁለተኛ ቦታ ደላላ ይዣለሁ። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ መልሴ «ሩጫ ላይ» ነው፤ የማንም መልስ እንደዚያ ስለሆነ ለምን ወዴት ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ እሑድ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ቆሜያለሁ። አቡነ ዘበሰማያት ላይ ደርሰን «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ስንል አፌ ከሕዝቡ ጋር ይላል፣ ልቤ ግን የፌሮ ዋጋ ከፋሲካ በኋላ ይጨምር ይሆን እያለ ያሰላል። አፌ የዛሬን እንጀራ ይለምናል፤ ልቤ የሦስት ዓመቱን ይደምራል። ከዚህ በፊት ስንት ቅዳሴ እንደዚያ እንዳለፈ እግዚአብሔር ይወቀው። ያን ቀን ግን አፈርኩና ቤት ገብቼ ያን የሚኒባስ ጥቅስ ከነሙሉ ምዕራፉ አነበብኩት።

ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ እስረኛ ነው። የፊልጵስዩስ ምእመናን በአፍሮዲጡ እጅ ስንቅ ልከውለታል፤ እሱም እያመሰገነ ነው። ምስጋናው ልመና እንዳይመስልበት ግን ይጠነቀቃል፦ «ይህን ስል ስለ ጉድለት አልልም፥ የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና።» ቀጥሎ መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን መማሩን ይናገራል። «ሁሉን እችላለሁ» የሚለው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ «ሁሉን» ያለው ያንኑ የዘረዘረውን ነው፤ ማግኘቱንም ማጣቱንም። እኛ ግን ማጣቱን ቆርጠን ጥለን ማግኘቱን ብቻ መስታወት ላይ ለጠፍነው።

የሚገርመው ይህን ለመረዳት ግሪክኛ አለማስፈለጉ ነው፤ አማርኛችን ይበቃ ነበር። እናቶቻችን «ችላ ኖረች» ሲሉ አሸነፈች ማለታቸው አይደለም፤ ተሸከመች፣ ሳትሰበር አለፈች ማለታቸው ነው። «ቻይ ነው» የምንለው ሰው ሆደ ሰፊውን ነው። ኀዘንተኛን «ቻል አድርገው» እንላለን። ጥቅሱን በእነዚህ እናቶች ጆሮ ብንሰማው ኖሮ የጨረታ መፈክር ባላደረግነው።

«ተምሬአለሁ» የሚለውም ቃል አለ። ጳውሎስ እንኳ ከእናቱ ማኅፀን «ይበቃኛል» እያለ አልወጣም፤ ትምህርቱን በረሃብም በእስርም ተማረው። የደሴ ሰው ለዚህ ትምህርት ሩቅ አይሄድም። አይጠየፍ አዳራሽ ግብር ያበላው ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፎ ተማረከ። እኛ ራሳችንም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ ቤታችንን ቆልፈን በእግር የወጣን ነን። ያን ቀን ቴሌቪዥን ተሸክሞ የሄደ ጥቂት ነው። ተመልሰን የተሰበረ በር ስናገኝ ጎረቤታችን፣ ሙስሊም እናት ናቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ ነፍስ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። የእሳቸው ቤት ከእኔ ይልቅ ነበር የተጎዳው። ይቺን ትምህርት በስድስት ወር ረስቼ የመጋረጃ ቀለም ሳማርጥ ከረምኩ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክለኛ ተቃውሞም ነው። «ይበቃኛል» የሚለው ስብከት ድሃን ዝም ማሰኛ ሆኖ ያውቃል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡ ልጆች ተስፋ አድርገውበት ነበር። በ2014 ጦርነቱ ደረሰበት፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትሰረዝ ደግሞ የአሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ መሆኑ ቀረ። ለአራት ሆና አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር የስፌት ሠራተኛ ደመወዜ አላኖረኝም ስትል፣ ጥቅስ ጠቅሶ «ይበቃሻል» የሚላት ካለ እሱ ጳውሎስን አላነበበም። ጳውሎስ «ይበቃኛል» አለ እንጂ «ይበቃችኋል» አላለም። ይህ ግሥ ለእኔ ሲሆን ምስጋና ነው፤ ለሌላው ስናዞረው ግን ብዙ ጊዜ ስስታችንን መሸፈኛ ይሆናል።

በወንጌል ግሡ ወደ ሌላ ሰው ዞሮ የማገኘው ሉቃስ 3 ላይ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ «ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» ይላል። ለማን? ለጭፍሮች፤ የሰውን ቀምተው መጨመር ለሚችሉት። ያዕቆብ ደግሞ የተቀማው የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ይላል። ስለዚህ ይብቃ መባል ያለበት ማን እንደሆነ መጽሐፉ አላድበሰበሰውም።

አልሠራም፣ አልቆጥብም ማለትም አይደለም። የመናው ታሪክ ይህን በደንብ ይለየዋል። እስራኤል በምድረ በዳ ለዕለት የሚበቃቸውን ለቅመው እንዲገቡ ታዘዙ። የነገን ፈርተው ያሳደሩት ተላ፣ ሸተተም። በስድስተኛው ቀን ግን ለሰንበት እጥፍ ልቀሙ ተባሉ፤ ያ አድሮ አልሸተተም። ሁለቱም ያደረ ምግብ ነው። አንዱን ያሳደረው ነገ እግዚአብሔር አይኖርም የሚል ፍርሃት ነው፤ ሌላው ለማረፍ የተቀመጠ ነው። የእኔ ሁለተኛ ቦታ ከየትኛው እንደሚመደብ ለመመለስ የሒሳብ ሠራተኛ መሆን አላስፈለገኝም።

ያን እሑድ እናቴ ቡና አፍልታ ነበር። አቦሉን ጠጥቼ፣ እንደ ልማዴ ስልኬን ይዤ ስነሣ፣ ቀና ሳትል «አንተ ልጅ፣ በረካ የሚባል ቡና መኖሩን ታውቃለህ?» አለችኝ። ስድብ መሆኑ ነው። ተቀመጥኩ። ጎረቤታችንም ገቡ። ቶናው ወረደ፤ ስለ በልጉ ዝናብ፣ ስለ አንድ ሰው እግር ሕመም ተወራ። በመካከል ስልኬ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ደላላው ነው። አላነሣሁትም። በረካው ደረሰ፤ ቀጥኗል፣ ቀለሙም ሻይ መስሏል። እናቴ ሲኒውን ስታቀብለኝ ምንም አላለችም።

ሰኞ ስደውል ቦታውን ሌላ ሰው ቀብድ ከፍሎበት ነበር። አልዋሽም፣ ሐረጎን ስወርድ አሁንም አንዳንዴ ይቆጨኛል።