የኦቶ ግርሃም አራት ዋንጫዎች ምን በደሉ?

ዋናው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ኤንኤፍኤል በ2025 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቀድሞ ተፎካካሪውን ሊግ፣ የኦል አሜሪካ ኮንፈረንስን፣ የ1946–1949 ስታቲስቲክስ ወደ ይፋ መዝገቡ ሲያስገባ፣ የኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) የኦቶ ግርሃም ክርክር የተዘጋ መስሎን ነበር። አልተዘጋም። አሁን ደግሞ «ቁጥሩስ ይመዝገብለት፤ ክለቡ ክሊቭላንድ ብራውንስ እዚያ ያነሳቸው አራት ዋንጫዎች ግን ዋንጫ አይባሉም፤ ስምንት ክለብ የነበረው ሊግ ምን ሊግ ነው?» ይሉን ጀመር። ያኔ ኤንኤፍኤል ራሱ የነበረው አሥር ክለብ ነው! በሁለት ክለብ ልዩነት ነው እንግዲህ ወርቁ መዳብ የሚሆነው።

መልሱ የተሰጠው ሴፕቴምበር 16 ቀን 1950 ነው። የቀድሞ ሊጉ ፈርሶ ወደ ኤንኤፍኤል የተዛወረው ብራውንስ በመጀመሪያው የኤንኤፍኤል ጨዋታው የሊጉን የ1948 እና የ1949 ሻምፒዮን ኢግልስን ፊላደልፊያ ድረስ ሄዶ፣ 71,237 ተመልካች ፊት 35 ለ 10 ረታው። ግርሃም በውርወራ 346 ያርድ አስገኘ፤ ሦስቱ ውርወራዎቹም ታችዳውን (ኳሱን ተጋጣሚው ጫፍ አድርሶ ማስቆጠር) ሆኑ። የአንድ ቀን ዕድል ነው የሚል ካለ አሠራሩን ይይ። ኢግልስ አምስት ሰው መስመር ላይ፣ ሁለት ከኋላቸው፣ አራት ደግሞ ራቅ አድርጎ ይከላከላል። ብራውንስ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ኳስ ተቀባዩን ደብ ጆንስን ወደ ዳር ያስሮጠዋል፤ ተከላካዩ ረስ ክራፍት ብቻውን ይቀርለታል። ጆንስ ጥቂት ሮጦ ወደ ዳር ይታጠፋል፤ ግርሃም ኳሱን የሚለቀው ገና ሳይታጠፍ ነው። አንድ እርምጃ ከዘገየ ተከላካዩ መሃል ገብቶ ይቀልበዋል። ይህ ሲደጋገም ክራፍት ወደፊት መቅደም ለመደ፤ ያን ጊዜ ጆንስ የሚታጠፍ መስሎ ሽው አለ። 59 ያርድ፣ ታችዳውን። ከእረፍት በኋላም የብራውንስ የፊት መስመር ሰዎች ቀስ በቀስ ተራራቁ፤ ኢግልሶች አብረዋቸው ተበተኑ፤ ብራውንስም ክፍተቱን በሩጫ ገባበት።

የኢግልሱ አሰልጣኝ ግሪሲ ኒል ግን ብራውንስን ከመወርወር ሌላ የማያውቅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው ብሎ አጣጣለው። ዲሴምበር 3 በመልሱ ጨዋታ የብራውንሱ አሰልጣኝ ፖል ብራውን፣ በይፋ መዝገብ አንድም ኳስ ሳያስወረውር፣ 13 ለ 7 አሸነፈው። ደካማ ሊግ ይሉሃል ይሄ ነው!

ግርሃም አሥር ዓመት ተጫውቶ አሥሩንም ዓመት ለፍጻሜ ደርሷል። በ1954 ዲትሮይትን 56 ለ 10 ሲያደቁት ሦስት ታችዳውን ወርውሮ፣ ሦስት ራሱ ሮጦ አስቆጥሯል። የ1953ቱ ፍጻሜ አስቀያሚ ነበር፤ ከ15 ውርወራ የተያዘለት ሁለት ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ የተሸነፉት 17 ለ 16 ነው።

አሰልጣኝነቱንም የሚያነሱ አሉ፤ በዋሽንግተን 17 አሸንፎ፣ 22 ተሸንፎ፣ 3 አቻ ወጥቷል። በ1966 ጃያንትስን 72 ለ 41 የረታ ቡድን ማጥቃት አላነሰውም፤ ያነሰው 41 ነጥብ የማያስገባ መከላከል ነው። ታዲያ በ1968 የተሸነፈ አሰልጣኝ በ1948 ያለሽንፈት የጨረሰውን ኳርተርባክ ዋንጫ በምን ሒሳብ ይነጥቀዋል? ይኸው አሰልጣኝ በ1963 ገና ከኮሌጅ የወጡ ልጆችን ይዞ የዝነኛውን አሰልጣኝ የቪንስ ሎምባርዲን የኤንኤፍኤል ሻምፒዮን ግሪን ቤይን 20 ለ 17 መርታቱንስ፣ ከተቺዎቹ አንዱም ሲያነሳ አልሰማሁም።