ያስለቀሰንን ሁሉ አንመን

ወገኖቼ፣ በንግግር መነዳት አብዝተናል። ይህን የምለው ልዘልፋችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ዋጋውን ደጋግመን ስለከፈልን ነው።

መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን የታየውን ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው የወሎ ረሃብ ቀረበ። በመሃል በመሃሉ ግን የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲያበሉ የሚያሳይ ምስል ተሰክቶበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ልብ በሉ፤ ረሃቡ እውነት ነው፣ መደበቁም እውነት ነው፣ የሕዝቡም ቁጣ ተገቢ ነበር። ሰውን ለማነሣሣት የግድ ሐሰት አያስፈልግም። ሁለት ምስል ጎን ለጎን ይቀመጥለታል፤ የቀረውን ራሱ ይደመድማል። ራሱ የደመደመውን ደግሞ ማንም አይጠራጠርም። «ይህን የሚያሳየን ማን ነው? ሥልጣኑን ሲይዝስ ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር።

ንጉሡን ያወረደው ደርግ አስቀድሞ ያነሣው መፈክርም ነበር፦ «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም፣ እንከኗ ይውደም።» ቤት መምታቱን አያችሁ? ቤት የሚመታ ቃል ለጆሯችን ይጥማል፤ ቅኔና ቀረርቶ ያሳደገን ሰዎች ነንና የጣመንን እንደ እውነት እንቆጥራለን። ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ንጉሡ ከወረዱ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ 60 ያህል ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በሚያዝያ 1969 ደግሞ ኮሎኔል መንግሥቱ ቀይ ፈሳሽ የተሞላ ጠርሙስ በአብዮት አደባባይ ከሰከሱ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። «አድኃሪ»፣ «አናርኪስት» የሚል ስም የተለጠፈበት ወጣት ምን እንዳጠፋ የሚጠይቅለት አልነበረም። ስሙ ራሱ ክስም ፍርድም ሆኖ ነበር።

የጥንቱ አርስቶትል ተናጋሪ የሚያሳምንባቸውን መንገዶች ሦስት ብሎ ነበር፦ የተናጋሪው ተአማኒነት፣ የሰሚው ስሜት፣ የነገሩ ማስረጃ። እኛ ሁለቱን ካገኘን ሦስተኛውን መጠየቅ ትተናል። ተናጋሪው የወንዛችን ልጅ ከሆነና እንባችንን ካመጣው በቃን።

ዛሬ በቴሌግራም የሚዞረውን መልእክት አንዱን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። «ሰበር» ብሎ ይጀምራል፤ ጊዜ የለም፣ አታስብ ማለቱ ነው። «ሁሉም እንደሚያውቀው» ይቀጥላል፤ አላውቅም ማለት ያሳፍራል። የምታለቅስ እናት ፎቶ አለ፤ የት፣ መቼ እንደተነሣ ግን አልተጻፈም። «አባቶቻችን ይህን አይተው ዝም ይሉ ነበር?» ይላል፤ ይህ ጥያቄ መስሎ የመጣ ትእዛዝ ነው። «ዝም ያለ ከገዳዩ አይለይም» ብሎም በሁለት ጎራ ይከፍላችኋል፤ «ቆይ፣ ላጣራ» ለሚል ሰው ቦታ አልተወለትም። በመጨረሻ ወይ ሼር አድርጉ ይላል፣ ወይ የባንክ ቁጥር ያስቀምጣል። እናቲቱ በእርግጥ አልቅሳ ይሆናል። ልቅሶዋ ግን ማን እንዳስለቀሳት አይናገርም፤ እሱን የሚናገረው ከፎቶው ሥር የጻፈው ሰው ነው።

እናንተ በዲያስፖራ ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ዋሽንግተን ተቀምጣችሁ የምታሰራጩት ቁጣ የሚያርፈው እዚህ፣ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ገበያ በሚውል ሰው ላይ ነው።

የጠላታችንን ንግግር መመርመርማ ማንም አይሳነውም፤ ስህተቱን ለመልቀም ችኩል ነን። የሚከብደው የምንወደውን ሰው ንግግር በዚያው ዓይን ማየት ነው። ስለዚህ ከራሳችሁ ወገን ጀምሩ። በዚህ ሳምንት ያጋራችሁትን አንድ ጽሑፍ አውጡና ስድቡን፣ መሐላውን፣ ቅጽሉን፣ የአባቶችን ስም ሰርዙበት። ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ የሚለው ካልተረፈ አጥፉት፤ ማጥፋታችሁንም ባጋራችሁበት በዚያው ግሩፕ ላይ ጻፉ።