መርሳትን የሚጫወት ቃሉን ይሸመድዳል

ደብረ ብርሃን ላይ ሊቀርብ የታሰበው ኮሜዲ ልምምዱ ከስድስት ሳምንት ወደ አራት ቀን ተቆርጧል። ታሪኩ ቃሉን ሳያጠና መድረክ ላይ ስለተገኘ ሰው ነው። የአዘጋጆቹ መልስም «ስለ አለመዘጋጀት ለሚያወራ ቴአትር ዝግጅት ምን ያደርግለታል? አዝማሪስ መቼ ተለማምዶ ያውቃል?» የሚል ነው።

አዝማሪ አይለማመድም ያለው ማነው? ከትዝታ እስከ አንቺ ሆዬ ቅኝቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በጣቱ ያስገባ ሰው ነው። «ተቀበል!» እያለ ስንኝ የሚሰጠው ታዳሚ አለው፤ ግጥሙ እስኪመጣለት ማሲንቆውን ይገዘግዛል። ብቻውን ነውና ሐሳቡን ቢቀይር የሚደናገር የለም። አምስት ሰው በቆመበት መድረክ ግን አንዱ ቃል ሲዘል የሌላው መግቢያ አብሮ ይጠፋል።

ይኼኛው ኮሜዲ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ተመልካች የሚስቀው አንዱ ሲደናበር ሌሎቹ ቃላቸውን ሳያዛንፉ ሲወጡት ነው። እነሱም ከተደናበሩ ግራ የገባው ማን እንደሆነ አይለይም። ተደናባሪው ተዋናይማ የራሱን ቃል፣ የባልደረባውን መጨረሻ ቃል፣ ዝም የሚልበትን ልክ ሁሉ ማወቅ አለበት። ሳቁ ሲጦፍ ከተናገረ ቃሉ ይዋጣል፤ ጨርሶ እስኪበርድ ከጠበቀ ግለቱ ይሞታል፤ መውረድ ሲጀምር ነው የሚቀጥለው። ይህን በአራት ቀን የሚችል ካለ ይምጣ! የምር የረሳ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ድምፁ ይሰልላል፣ ዓይኑ ወደ መጋረጃው ጀርባ ይማትራል። ከኋላ የተቀመጠው አይሰማውም፤ ከፊት ያለው ያዝንለታል፤ ካዘነለት ደግሞ አይስቅም።

የአገራችንን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ የሸዋ፣ የሲያደብር ልጅ ናቸው። የጻፉትም ኮሜዲ ነበር፤ በእሱ ሰበብ ቴአትር እስከ መታገድ ደርሷል። ኮሜዲ እንደ ተራ ቀልድ የሚናቀው እንግዲህ በእሳቸው አገር ነው።

የአዳራሽ ኪራይ መክበዱን አልክድም። ንባብና ቃል ጥናት ግን አዳራሽ አይፈልግም። አንድ ክፍልና ወለሉ ላይ በኖራ የተሰመረ የመድረኩ ልክ ይበቃል። ቃሉ ከእንቅስቃሴው ጋር ይጠና፤ ወንበር ሲያነሳ የሚለውን ተዋናዩ ወንበሩን ሲነካ ያስታውሰዋል። ቀጥሎ ጽሑፉ ከእጅ ይውጣ። አዳራሹ የሚያስፈልገው ለመጨረሻዎቹ ቀናት ነው፤ ያኔ ልብስ ተለብሶ፣ መብራት በርቶ፣ ሳያቋርጡ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መጫወት ግድ ነው።

ቀኑ ይገፋ። ትኬት ተሽጦም ከሆነ ገንዘቡ ለሕዝቡ ይመለስ።